ፊት የነሳናቸው ሰዎች

«ፊት ነሳኝ» እንላለን። ሰላም ብለነው ዝም ያለን፣ ጉዳይ ይዘን ሄደን ቀና ብሎ ያላየን ሰው ፊት ነሳን። የነሳን የራሱን ፊት ነው፤ የጎደለን ግን እኛ ነን። ከቤቱ በወጣ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ ፊት የሚነሳው ሰው ደግሞ አለ። ጉንጩን በሽታ የበላው፣ አንገቱን እሳት ያኮማተረው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ። የዛሬው ወጌ ስለ እነዚህ ሰዎችና በእነርሱ ምክንያት ስለተወለደ አንድ ሙያ ነው።

ሙያው የፊትና የአንገት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይባላል። አውቃለሁ፣ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሌላ ነው። ከንፈሯን ያሳበጠች ተዋናይት፣ አፍንጫውን ያስቀጠነ ዘፋኝ፣ እርጅናን ልትሸውድ የተነሳች የሀብታም ሚስት ትዝ ይሉናል። «እግዜር የሠራውን ምን አስነካቸው?» ብለን እናልፋለን። አንዳንዱማ ስሙን ሰምቶ ከቆዳ ሥር የጀሪካን ፕላስቲክ የሚቀበር ይመስለዋል!

ቃሉ የመጣው «ፕላስቲኮስ» ከሚለው ግሪክኛ ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደምታበጀው ማበጀት፣ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፎን ግሬፈ ስለ አፍንጫ ጥገና በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ ቃሉን የተጠቀመበት በ1818 ነበር። ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነው የመጀመሪያው ፕላስቲክ፣ ባክላይት፣ የተፈለሰፈው ግን በ1907 ነው። እንግዲህ በስሙ ቀዳሚው ሐኪሙ ነው፤ ጀሪካኑ ኋላ የመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ሙያ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ ብንከተል መነሻው ቁንጅና ሆኖ አናገኘውም። ቢላዋው ሁልጊዜ የሚሄደው ኅብረተሰቡ ዓይኑን ወዳዞረበት ሰው ነው። እስቲ አብረን እንከተለው።

አፍንጫ ሲቆረጥ

በጥንት ዘመን ሰውን ሳይገድሉ ከሰው ተራ ለማውጣት አፍንጫውን መቁረጥ የተለመደ ነበር። በሕንድ የአመንዝራና የሌባ ቅጣት ሆኖ ኖሯል። በቁስጥንጥንያ ደግሞ የፖለቲካ መሣሪያ ነበር። አካሉ የጎደለ ሰው ዙፋን ላይ አይቀመጥም የሚል ልማድ ስለነበረ፣ የተገለበጠን ንጉሥ ለመጨረስ ፊቱን ማበላሸት ይበቃ ነበር። ዳግማዊ ዩስቲኒያኖስ በ695 ከሥልጣን ሲወርድ አፍንጫውን ቆርጠው ወደ ክሪሚያ አጋዙት። ሰውየው ግን እጅ አልሰጠም። በ705 ጦር አስከትሎ ተመለሰና ዙፋኑን ወሰደ። ታሪክ እስከ ዛሬ «አፍንጫ ቆራጣው» እያለ ይጠራዋል።

ንጉሥ ከሆኑ ጦር ይዘው ይመለሳሉ። ተራው ሰውስ?

ለተራው ሰው መላ የተገኘው በሕንድ ነው። «ሱሽሩታ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት የሕክምና መጽሐፍ አፍንጫ እንዴት እንደሚጠገን ይዘረዝራል። ሐኪሙ የጎደለውን አፍንጫ መጠን በቅጠል ይለካል። በዚያው ልክ ከጉንጭ ላይ ቆዳ ይገሸልጣል፤ ነገር ግን በአንድ ጠርዙ ከጉንጩ ጋር እንደተያያዘ ይተወዋል። የተቆረጠውን ቦታ አድምቶ ቆዳውን ይሰፋበታል፤ መተንፈሻ እንዳይዘጋም ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይከታል።

«በአንድ ጠርዙ እንደተያያዘ» የምትለዋን አትለፏት። የሙያው ምሥጢር ያለው እዚያ ነው። ቆዳ ደም ካላገኘ ይሞታል። ሕፃን በእትብቱ ከእናቱ ደም እያገኘ እንደሚያድገው ሁሉ፣ የተገሸለጠውም ቆዳ አዲሱ ቦታው ላይ የራሱን የደም ሥር እስኪያበጅ ድረስ ከነባሩ ቦታ የሚመግበው እትብት ያሻዋል። በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የጦር ሜዳውም የውበቱም ቀዶ ሕክምና፣ ይህችን እትብት ሳይበጥሱ ቆዳን ወዴት ማድረስ ይቻላል የሚል ጥያቄ ነው።

ሐውልቱ አፍንጫ የያዘው ሐኪም

በአውሮፓ ጥበቡ ብቅ ያለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ደሴት ነው። ብራንካ የሚባሉ አባትና ልጅ በካታኒያ ከተማ አፍንጫ ይጠግኑ ነበር። ልጅየው ቆዳውን ከፊት መውሰድ ትቶ ከክንድ መውሰድ ጀመረ፤ ፊት ላይ ሌላ ጠባሳ እንዳይጨመር ነው። ይህንኑ ዘዴ አሟልቶ በመጽሐፍ ያሳተመው የቦሎኛው መምህር ጋስፓሬ ታሊያኮዚ ነው፤ ጊዜው 1597። ከላይኛው ክንድ ቆዳ ተገሽልጦ ከአፍንጫው ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ ክንዱ ከጭንቅላት ጋር በማሰሪያ ተጠፍሮ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ የሚበላ፣ የሚተኛ፣ የሚፀዳዳ ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ! ማደንዘዣ አልነበረም። ታሊያኮዚ ሥራው ለተመልካች ዓይን ከሚሰጠው ደስታ ይልቅ የተጎዳውን ሰው መንፈስ እንደሚያነሳ ጽፎ ነበር። በቦሎኛ በጥንቱ የአካል ጥናት አዳራሽ ውስጥ ሐውልቱ ዛሬም አፍንጫ በእጁ ይዞ ቆሟል።

ደንበኞቹ እነማን ነበሩ? አንዱ ወገን በጎራዴ ግጥሚያ አፍንጫውን ያጣ ነው። የዴንማርኩ የከዋክብት ተመራማሪ ታይኮ ብራሄ በ1566 በእንዲህ ያለ ግጥሚያ አፍንጫው ተቆርጦ ዕድሜውን ሙሉ ከብረት የተሠራ አፍንጫ እየለጠፈ ኖሯል። ከብር ነው ሲባል ኖሮ በ2010 መቃብሩ ተከፍቶ ሲመረመር ናስ ሆኖ ተገኘ።

ሌላውና ብዙው ወገን ግን ቂጥኝ የበላው ነው። ቂጥኝ በ1490ዎቹ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ የአፍንጫን አጥንት እየበላ ፊትን ያሰረጉድ ነበር። ከዚያ ወዲያ አፍንጫ የሌለው ሰው ሁሉ በምንም ምክንያት ይጣው ባለጌ ተባለ። እርሱን የሚጠግን ሐኪምም የኃጢአት ሸፋኝ መስሎ ታየ። ከሌላ ሰው ሥጋ የተሠራ አፍንጫ ሥጋውን የሰጠው ሲሞት አብሮ ይወድቃል የሚል ፌዝም ተዛመተ። ታሊያኮዚ በ1599 ከሞተ በኋላ ጥበቡ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረሳ። የረሳው እጅ አልነበረም፤ በሽተኛውን የናቀ ዓይን ነው።

ከፑና እስከ ለንደን

ጥበቡ በሕንድ ግን አልሞተም ነበር። ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖሯል። በ1792 ጦርነት ለእንግሊዞች የበሬ ጋሪ የሚነዳ ካዋስጂ የተባለ ሕንዳዊ በቲፑ ሱልጣን ወታደሮች ተማረከ። አፍንጫውንና አንድ እጁን ቆርጠው ለቀቁት። ዓመት ያህል እንዲያ ከኖረ በኋላ በፑና (ዛሬ ፑኔ በምትባለው) አካባቢ አንድ ባለሙያ ጠገነው። ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ቆመው አዩ። ባለሙያው ሰም አቅልጦ በአፍንጫው ልክ ቀረጸ፤ ሰሙን ዘርግቶ ግንባሩ ላይ በማኖር ዙሪያውን ምልክት አደረገ፤ በምልክቱ ላይ ቆዳውን ገሽልጦ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ትንሽ እትብት አስቀርቶ ወደታች አዞረና ሰፋው።

ዜናው ከነሥዕሉ በ1794 «ጀንትልማንስ ማጋዚን» በተባለ የለንደን መጽሔት ወጣ። ስለ ባለሙያው የተጻፈው የጡብ ሠሪዎች ወገን መሆኑ ብቻ ነው፤ ስሙን የመዘገበ የለም። ጭቃ የሚያበጅ ወገን ልጅ የዓለምን ሐኪሞች አስተማረ፤ «ፕላስቲኮስ» ማለት ይኼ አይደል? ሸክላ ሠሪን በጥበቡ እየተገለገልን ቡዳ ነው ብለን የምንሸሽ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህችን ታሪክ ሁለት ጊዜ ብናነባት አይከፋም።

ጆሴፍ ካርፒው የተባለ የለንደን ሐኪም መጽሔቱን አንብቦ ለዓመታት በሬሳ ላይ ተለማመደ። በ1814 አፍንጫውን ያጣ አንድ የጦር መኮንን ከግንባሩ በተወሰደ ቆዳ ጠገነ፤ ውጤቱንም በ1816 አሳተመ። ኤተር ለማደንዘዣነት በይፋ የታየው በ1846 ነውና መኮንኑ ሁሉንም የቻለው በባዶ ሕመም ነበር። የግንባሩ ቆዳ ዘዴ ዛሬም አልተሻረም። በካንሰር ወይም በአደጋ አፍንጫው ለጠፋ ሰው በየአገሩ የሚሠራው በመሠረቱ ያው የፑናው ሥራ ነው።

«ለቁንጅና» የሚባለውስ?

እስካሁን የጎደለን ስለመሙላት አወራን። ምንም ያልጎደለውን ፊት መቁረጥ የተጀመረውስ እንዴት ነው?

በ1896 በርሊን ውስጥ ዣክ ዮሴፍ ወደሚባል ወጣት ሐኪም አንዲት እናት ልጇን አመጣች። ጆሮዎቹ ገንነው ስለወጡ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ እየሳቁበት አልማርም ብሎ ነበር። ዮሴፍ ጆሮዎቹን አስተካከለለት። ልጁ ዳነ፤ ሐኪሙ ግን ጤነኛ አካል ቆርጠሃል ተብሎ ከሚሠራበት ክሊኒክ ተባረረ። በ1898 ደግሞ በአፍንጫው ትልቅነት ምክንያት ሰው ፊት መቅረብ ያሳፈረውን ሰው ቀደደ። ዮሴፍ ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ከደንበኞቹም ብዙዎቹ በአፍንጫቸው የሚለዩና የሚሰደቡ አይሁዳውያን ነበሩ። የፈለጉት ቆንጆ መባልን ሳይሆን በመንገድ ላይ ማንም ሳያያቸው ማለፍን ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በዓመቱ፣ በ1934፣ ዮሴፍ ሞተ። የመጣው መዓት ግን አፍንጫ በማስተካከል የሚታለፍ አልነበረም።

የተሸበሸበ ፊትን ማወጠርም ከበርሊን ይነሳል። ኦይገን ሆሌንደር የተባለ ሐኪም በ1901 በአንዲት ባላባት ሴት ግፊት በጆሮዎቿ ዙሪያ ቆዳ ቆርጦ ፊቷን ሳበላት። ሥራውን ያስፋፋችው ግን ፈረንሳዊቷ ሱዛን ኖኤል ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ስታክም ቆይታ፣ በሰላሙ ጊዜ ፊታቸው በማርጀቱ ከሥራ የሚገፉ ሴቶችን ማከም ያዘች። በ1926 ባሳተመችው መጽሐፍ የውበት ቀዶ ሕክምና ማኅበራዊ ጥቅም አለው ብላ ተከራከረች። ለሴቶች የመምረጥ መብትም ታጋይ ነበረች።

ቆዳ ብቻ ተስቦ ሲሰፋ ብዙ ሳይቆይ ይረግባል፤ ሲበዛም ፊትን የከበሮ ቆዳ ያስመስላል። በ1970ዎቹ ሐኪሞች ከቆዳው በታች ጉንጭንና አንገትን የሚያያይዝ የጡንቻና የጅማት ሽፋን እንዳለ ለይተው እርሱን መሳብ ጀመሩ። ዛሬ የጉንጭና የአንገት ማወጠር የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሽፋኑ ሥር ግን ፊትን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉና፣ እጁ ያልተገራ ሰው ቢነካካው ፈገግታን ይዞ ይሄዳል።

አቋራጩም የዚያኑ ያህል ያረጀ ነው። የቪየናው ሮበርት ጌርሱኒ በ1899 ፓራፊን ሰም እያቀለጠ ከቆዳ ሥር መውጋትን አስተዋወቀ። ነገሩ በፋሽን ተዛመተ። ዓመታት ሲያልፉ ሰሙ ከቦታው እየተንሸራተተ እብጠትና ቁስል ሆነ፤ ዓይን ያጠፋበትም ጊዜ አለ። ዛሬ በየውበት ሳሎኑ ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ በመርፌ የሚያስወጋ ሰው የመቶ ዓመት ትምህርት አምልጦታል።

ምሽጉ የሠራው ሙያ

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ገባ። አካሉን አፈር ሸፈነለት፤ ፊቱና አንገቱ ግን ከአፈሩ በላይ ቀሩ። የመድፍ ፍንጣሪ መንጋጋና አፍንጫ ጠርጎ እየወሰደ፣ ሰውየው ግን በሕይወት ይተርፍ ነበር።

ኒውዚላንድ የተወለደው ሃሮልድ ጊሊስ በ1916 በእንግሊዝ አልደርሾት ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ክፍል አስከፈተ። የሶም ጦርነት ሲጀመር ሁለት መቶ ያህል ቁስለኛ ጠብቆ ወደ ሁለት ሺህ መጣበት። በ1917 በሲድካፕ ራሱን የቻለ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከ5000 በላይ ሰዎች በ11000 ያህል ቀዶ ሕክምናዎች ታከሙበት። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ መቀደድ ነበረበት ማለት ነው።

ትልቁ ግኝት የመጣው ከአንድ መርከበኛ ነው። ዊሊ ቪካሬጅ በ1916 በጁትላንድ የባሕር ውጊያ ፊቱ ተቃጥሎ ነበር። ጊሊስ በ1917 ከደረቱ ቆዳ ገሽልጦ ወደ ፊቱ ሲያዞር የቆዳው ጠርዞች ወደ ውስጥ ሲጠቀለሉ አየ። ለምን አልሰፋቸውም? አለና እንደ ቱቦ አድርጎ ሰፋቸው። በዚህ ዓይነት እትብቱ ተሸፍኖ ደሙ በደንብ ፈሰሰ፤ በዘመኑ አንቲባዮቲክ አልነበረምና ከመመርቀዝም ዳነ። ቭላዲሚር ፊላቶቭ የተባለ የኦዴሳ ሐኪም በዚያው ሰሞን ይህንኑ ለብቻው ደርሶበታል።

ሙያው ግን በሰው ሕይወት ጭምር የተከፈለበት ነው። ራልፍ ላምሊ የተባለ ወጣት አብራሪ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ነበር። ጊሊስ ከደረቱ ትልቅ ቆዳ ወስዶ በአንድ ጊዜ ሊሸፍንለት ሞከረ። ቆዳው መረቀዘ፤ ልጁ በ1918 ሞተ። ጊሊስ ከዚያ ወዲያ ሥራን ከፋፍሎ፣ ሰውነት እስኪያገግም ጠብቆ መሥራትን ሕግ አደረገ። ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ ቁስለኛ በጭንብል ማደንዘዝ ስለማይቻልም፣ አይቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦተም የተባሉ የሲድካፕ ሐኪሞች ከጦርነቱ ማግስት በመተንፈሻ ቧንቧ ቱቦ አስገብቶ ማደንዘዝን አዳበሩ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር በቱቦ ተደንዝዞ የሚቀደድ በሽተኛ ሁሉ የእነዚያ ፊት አልባ ወታደሮች ባለዕዳ ነው።

ሐኪም ላልቻለው ጭንብል ተሠራለት። አሜሪካዊቷ ቀራጺ አና ኮልማን ላድ ፓሪስ ውስጥ ከስስ መዳብ የፊት ጭንብል እየቀረጸች በሰውየው የቆዳ ቀለም ትቀባው ነበር። ጭንብሉ ያምራል፤ አይስቅም፣ አያኝክም፣ አያረጅም። ፈረንሳዮች እነዚህን ሰዎች «የተሰበሩ ፊቶች» ይሏቸው ነበር። ሰኔ 28 ቀን 1919 የቬርሳይ ውል ሲፈረም አምስቱ አዳራሹ ውስጥ እንዲቆሙ ተደረገ፤ ፈራሚዎቹ እያዩአቸው እንዲያልፉ።

የሁለት ከተሞች ታሪክ

በሲድካፕ ሆስፒታል ክፍሎች መስታወት ክልክል ነበር። ከሆስፒታሉ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ አንዳንድ አግዳሚ ወንበሮች ደግሞ ሰማያዊ ተቀቡ። ሰማያዊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሊያስደነግጥ ይችላልና ነዋሪው እንዲዘጋጅ ምልክት ነው። በክፋት አልተደረገም። ነገር ግን ትርጉሙን አስቡት። ሐኪሙ አሥር ጊዜ ቀዶ የሰጠውን ፊት ከተማው በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ነሳው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩ በሌላ ከተማ ተለወጠ። የተቃጠሉ አብራሪዎች ወደ ኢስት ግሪንስቴድ ሲጎርፉ የተቀበላቸው አርቺባልድ ማኪንዶ የጊሊስ ዘመድ ነበር። ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎች ቁስል የተሻለ ሲድን አይቶ የጨው ውኃ መታጠቢያ አስገባ። ከቢላዋ ውጭ የሠራው ግን ይበልጣል። የሆስፒታል ልብሱን አስጥሎ የማዕረግ ልብሳቸውን እንዲለብሱ አደረገ፤ ክፍሉ ውስጥ የቢራ በርሜል እንዲቀመጥ ፈቀደ። ከዚያም የከተማውን ሰው አነጋገረ። ቤታችሁ ጋብዟቸው፣ ስታወሯቸው ፊታቸውን ቀጥ ብላችሁ እዩ አለ። ነዋሪው እሺ አለ። አብራሪዎቹ ፊታቸው ተሠርቶ ሳያልቅ፣ ከአፍንጫቸው የቆዳ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ መጠጥ ቤትና ሲኒማ ይገቡ ነበር። ከተማዋ «የማታፈጥ ከተማ» የሚል ስም ወጣላት። አብራሪዎቹም በ1941 «የጊኒ ፒግ ክለብ» ብለው በራሳቸው ላይ የቀለዱበት ማኅበር አቋቋሙ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ 649 አባላት ነበሩት።

የሁለቱም ሆስፒታል ቢላዋ የተሳለ ነበር። ልዩነቱ ከበሩ ውጭ ነው። ከዚህ ታሪክ እኔ የያዝኩት ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የፊት ቀዶ ሕክምና ግማሹን የሚሠራው ሐኪሙ ነው፣ ግማሹን መንገደኛው።

ወደ ቤታችን

ኖሺር አንቲያ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም ጊሊስ ዘንድ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና በፑኔ አጠገብ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን የሰረጎደ አፍንጫ ከውስጥ በኩል ቆዳ እያለበሰ ማንሳት ጀመረ። የካዋስጂ አገር ጥበብ በእንግሊዝ ዞሮ ቤቱ ገባ ማለት ነው። የሥጋ ደዌን ስናነሳ የእኛም ደጅ ቀርቧል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በ1965 የተቋቋመው አለርት የበሽታው ማሰልጠኛና ማከሚያ ብቻ ሳይሆን የጥገና ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትም ቦታ ሆነ። ጀርሙ ከሞተ በኋላ እንኳ ያልተከደነ ዓይንና የወደቀ አፍንጫ ሰውየውን «በሽተኛ» ሲያሰኘው ይኖራል። መድኃኒቱ ከደዌው አዳነው፤ ከእኛ ግን አላዳነውም።

ቃጠሎም አለ። ምድጃችን መሬት ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት እሳት ላይ ስትወድቅ፣ በሽታው ይጋባል ብሎ የሚፈራ ዘመድ ወይ ይሸሻል ወይ ክብሪት ለኩሶ ሊያሸትታት ይሯሯጣል። እሳቱ በዚያች ደቂቃ ሥራውን ይሠራል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ይኮማተርና አገጭን ከደረት ጋር ያጣብቃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ቀና ብላ ማየት፣ በደንብ ማኘክ፣ አፏን መዝጋት አቃታት። ሕክምናው ጠባሳውን ፈትቶ አንገቱን ማቃናት፣ ክፍተቱን ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ መሸፈን ወይም ከትከሻና ከደረት እትብት ያለው ቆዳ ማዞር ነው። የተለጠፈው ስስ ቆዳ መልሶ ስለሚኮማተር ለወራት የአንገት መደገፊያ ማድረግና እንቅስቃሴ መሥራት ግድ ነው። ለማደንዘዝም ከባድ ነው፤ ያልተቃና አንገት ቱቦ አያስገባም። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የሚታወቀው በዚህ በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ኖማ ነው። በምግብ እጥረት የደከመ ትንሽ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ከኩፍኝ በኋላ፣ ድዱ ይቆስላል። አፉ ይሸታል፤ ጉንጩ ያብጣል። በቀናት ውስጥ ጉንጩ ይጠቁርና ተበልቶ ይከፈታል። ካልታከመ ከአሥሩ እስከ ዘጠኙ ይሞታሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ተራ አንቲባዮቲክ፣ የአፍ ንጽሕናና ምግብ ያድነዋል። ኖማ ድሮ የአውሮፓም በሽታ ነበር። ሲጠግቡ ጠፋላቸው፤ ተመልሶ የታየው በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ነው። የረሃብ ጥላ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 ነው። ችላ ከተባሉት መካከል እንኳ ችላ ተብሎ የኖረ! ከሞት የተረፈው ልጅ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጥርሱ በጉንጩ ቀዳዳ እየታየ፣ ነጠላ ተከናንቦ ያድጋል። ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረርን የመሰሉ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዲህ ያሉ ወገኖቻችንን ከገጠር እያፈላለጉ ለቀዶ ሕክምና አብቅተዋል። ሐኪሞቹ ከግንባር፣ ከአገጭ ሥርና ከደረት ቆዳ እያዞሩ ጉንጭ ይሠራሉ። ዘዴው እንግዲህ ለእናንተም አዲስ አይደለም፤ ሱሽሩታና ጊሊስ ናቸው።

የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከሰባት መቶ ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ነው። ከንፈሩ በሦስት ወር ገደማ፣ ላንቃው ንግግር ሳይጀመር ቢጠገን ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። የማንም እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም።

የሌላ ሰው ፊት

ሙያው የደረሰበት ጫፍ ሩቅ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአጉሊ መነጽር እየታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች መሰፋት ስለቻሉ እትብቱን ቆርጦ በሌላ ቦታ መቀጠል ተችሏል፤ ከእግር አጥንት መንጋጋ ይሠራል። በኅዳር 2005 አሚየን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ውሻ ፊቷን የነከሳት ኢዛቤል ዲኗር ከሞተ ሰው አፍንጫ፣ ከንፈርና አገጭ ተተከለላት። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ሰውነቷ እንዳይገፋው ዕድሜ ልክ የሚወሰደው መድኃኒት ግን የሰውነት መከላከያን ያዳክማል፤ በ2016 አረፈች።

በዚያ ጫፍ ብንደነቅም፣ በአገራችን ብዙውን ፊት የሚያድነው ከእርሱ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ ከወግ ወደ ሥራ ልምጣ። ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ሲሸት ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው እሳት አጠገብ ከወደቀ ክብሪቱን ተዉትና ጎትታችሁ አውጡት፤ አይጋባም። ጎረቤታችሁ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ከደበቀች ሕክምና እንዳለው ንገሯት። ታክሲ ውስጥ ጠባሳ ያለበት ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ደግሞ መስኮቱን አትዩ፤ አትፍጠጡበትም። እንደማንኛውም ሰው «እንደምን ዋልክ» በሉት። ይህኛው ክፍያም ማደንዘዣም አይጠይቅም፤ ሐኪሙ የማይችለው ግማሹ ሥራ ይኸው ነው።

ቸር ሰንብቱ።